ሽብርና ጎረቤት፦ የ2013ቱ ጥቃት በከሚሴና በአጣዬ መንገድ፣ የተሰጠውም ምላሽ

የአንድ ጥቃት ታሪክ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ገዳዩና ስለ ሟቹ ነው። ማን ተኮሰ፣ ስንት ሰው ሞተ፣ ስንት ቤት ተቃጠለ ይባልና መዝገቡ ይዘጋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። ተኩሱ ከበረደ በኋላ ሰዉ ምን አለ? መንግሥት ምን አለ? ፓርቲዎቹስ? እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ነን ባዮቹስ እስከ ዛሬ ስለ ነገሩ ምን እንላለን? ይህ እንደ ተራ ወሬ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ለአንድ ጥቃት የሚሰጠው ምላሽ ራሱ የታሪክ ድርጊት ነው፤ አንዳንዴም ከጥቃቱ የከፋ ድርጊት ይሆናል።

ለምርመራችን የመረጥነው በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በሰሜን ሸዋና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን አዋሳኝ ላይ የደረሰውን ነው። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቁስሉ ገና አልጠገገም፤ በአንድ መማሪያ ክፍል አብረን ከምንቀመጠው መካከል ከዚያ መንገድ ዳር የመጣን አለን፤ ስለዚህ ነገር ግን ወይ በሹክሹክታ እናወራለን ወይ ጭራሹን አናወራም። ሁለተኛ፣ በዚያ ቦታ የተሰጠው ምላሽ አዲስ አልነበረም። በአገራችን ታሪክ ደጋግሞ የታየ መልክ አለው። ይህን መልክ አንጥሮ ማውጣት የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው ብለን እናምናለን። ቀኖቹ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. መንገዱና ገበያው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ከወረደ በኋላ ሸዋ ሮቢትን፣ ጀውሃን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬን፣ ካራቆሬን፣ ከሚሴን እያለ ወደ ኮምቦልቻ ይዘልቃል። አውቶቡስ ውስጥ የተቀመጠው መንገደኛ ልብ አይለውም እንጂ በዚህች የጥቂት ሰዓት ጉዞ ከአንዱ ዞን ወደ ሌላው እየገባ እየወጣ ነው። ሸዋ ሮቢት ሰሜን ሸዋ ነው። ሰንበቴ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ ነው። አጣዬ ደግሞ ተመልሶ ሰሜን ሸዋ፣ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ከተማ ነው፤ ካራቆሬም እንዲሁ። ከሚሴ ሲደረስ እንደገና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ ያውም ዋና ከተማው ነው። ካርታ የሠራው ሰው መስመሩን አሰመረ እንጂ መንገዱ አንድ ነው።

ዞኑ ያለው በአማራ ክልል ውስጥ ነው። የክልሉ ሕገ መንግሥት ለኦሮሞ፣ ለአዊና ለዋግ ኽምራ ሕዝቦች የየራሳቸው የብሔረሰብ አስተዳደር እንዲኖራቸው ስለደነገገ፣ ከሚሴ ላይ የራሱ ምክር ቤት ያለው፣ ልጆቹን በኦሮምኛ የሚያስተምር አስተዳደር ቆመ። ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ደዌ ሐረዋና ባቲ የዚህ ዞን ወረዳዎች ናቸው። በ1999ኙ የሕዝብና ቤት ቆጠራ 457,278 ሰው ተመዝግቦበታል፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በምሥራቅ አፋር ይጎራበተዋል፤ በሰሜንና በምዕራብ ደቡብ ወሎ፣ በደቡብ ሰሜን ሸዋ፤ አርጎባውም እዚያው ከጎን አለ። የቦርከና ወንዝ የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ከድሮ ጀምሮ የበጋ ግጦሽ የሚፈለግበት ስለሆነ የአፋሩም የኦሮሞውም ከብት ይወርድበታል።

የዚህ አገር ሰው የሚተዋወቀው በወሰን አይደለም፤ በገበያ ነው። እሑድ የሰንበቴ ገበያ ነው፤ ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ግመል ነጂው አፋር፣ ሸማ ሻጩ አርጎባ፣ እህል ይዞ የሚወርደው የደጋ አማራ፣ ከብት ይዞ የሚመጣው ኦሮሞ እዚያ ይገናኛሉ። ብዙው ሰው ሁለት ቋንቋ ይናገራል፤ ዋጋ የሚከራከርበት ቋንቋና ቤቱ የሚያወራበት ቋንቋ የተለያየ መሆኑ ለማንም ጉድ አይደለም። ይህን የምንጽፈው «ድሮ ፍቅር ብቻ ነበር» ለማለት አይደለም። በግጦሽ፣ በውኃ፣ በመሬት፣ በከብት ዘረፋ የሚነሣ ጠብ ሁልጊዜም ነበር። ነገር ግን ጠቡ ባለቤት ነበረው። የእገሌ ልጅ የእገሌን ልጅ ገደለ ይባል ነበር። በ2013 የተለወጠው ይህ ነው።

ለ. የሆነው

ነገሩ በ2013 አልጀመረም። በመጋቢት ወር 2011 መጨረሻ በአጣዬ፣ በካራቆሬ፣ በማጀቴና በከሚሴ አካባቢ ተኩስ ተከፍቶ ሰው ሞቶ ነበር፤ ሕዝቡም ተፈናቅሎ ነበር። ከዚያ በኋላ የዕርቅ ስብሰባ ተጠራ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ በሬ ታረደ። ዳሩ ግን የጦር መሣሪያው አልተሰበሰበም፤ ገዳዩም በስሙ ተጠርቶ በአደባባይ አልተጠየቀም።

መጋቢት 10 ቀን 2013 ዓርብ ነበር። በዚያ ሰሞን አጣዬ ላይ አንድ የመስጊድ ኢማም መገደላቸው ለግጭቱ መነሻ እንደሆነ በወቅቱ ተዘግቧል። ከዚያ በኋላ ግጭቱ ከአጣዬ ወደ ጅሌ ጥሙጋ፣ ከጅሌ ጥሙጋ ወደ ሌሎቹ ቀበሌዎች ተዛመተ። በሁለቱም ዞኖች ሰው ተገደለ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ከብት ተነዳ። የእንባ ጠባቂ ተቋም በኋላ ባወጣው ቁጥር የመጋቢቱ ሟቾች ብቻ ከ300 በላይ ናቸው። ወር ሳይሞላ ሚያዝያ 8 ቀን፣ እንደገና ዓርብ ቀን፣ ሌላ ጥቃት ተነሣ። በዚህኛው የአጣዬ ከተማ ክፉኛ ነደደች፤ ሱቁና መኖሪያ ቤቱ ዐመድ ሆነ፤ ነዋሪው ወደ ደብረ ብርሃንና ወደየዘመዱ ተበተነ። ከሰንበቴና ከአካባቢው የሸሸውም በበኩሉ ወደ ከሚሴ አቅጣጫ ተጓዘ። አንዱ መንገደኛ ወደ ደቡብ፣ ሌላው ወደ ሰሜን ሆነ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ አካባቢው በፌዴራል መከላከያ በሚመራ ኮማንድ ፖስት ሥር ዋለ፤ ዋናው መንገድም ተዘግቶ ሰነበተ።

ጊዜውንም ልብ እንበል። የትግራይ ጦርነት ከጥቅምት 24 ቀን 2013 ጀምሮ እየተካሄደ ስለነበር የአገሪቱ ጦር በአብዛኛው ወደ ሰሜን ነበር። አገር አቀፍ ምርጫ በዚያን ጊዜ ለግንቦት 28 ቀን 2013 ተቀጥሮ ነበር። ማለት፣ ጥቃቱ የደረሰው ጠባቂው በራቀበት፣ ቀስቃሹ ግን በበዛበት ሰዓት ነው።

ሐ. ሁለት ለቅሶ

ከዚያስ? ከዚያማ ለቅሶው ለሁለት ተከፈለ።

የሚያዝያው ጥቃት እንደተሰማ በባሕር ዳር፣ በደሴ፣ በወልዲያ፣ በደብረ ማርቆስና በሌሎችም የአማራ ክልል ከተሞች ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የሰልፉ ጥያቄ ግልጽ ነበር፦ በአማራነት የሚደርሰው ግድያ ይቁም፣ መንግሥት ዜጋውን ይጠብቅ፣ ካልቻለ ይጠየቅ። ከአጣዬ በፊት በመተከልና በወለጋ የተገደሉት ወገኖች ስም በዚያው ሰልፍ አብሮ ተነሣ። ይህ ንዴት ከሰማይ የወረደ አልነበረም፤ ተጨባጭ መሠረት ነበረው። የክልሉ ባለሥልጣኖች ጥቃቱን ያደረሰው የታጠቀና የተደራጀ ኃይል ነው፣ ስሙም ኦነግ ሸኔ ነው አሉ። ቡድኑ ራሱን የኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ብሎ የሚጠራ ሲሆን «ሸኔ» የሚለውን ስም አይቀበልም፤ ስሙ አምስት ከሚለው የኦሮምኛ ቃል ጋር የሚያያዝ ነው።

በሌላው ወገንስ? በጅሌ ጥሙጋና በአርጡማ ፉርሲ ሬሳ የቀበረው ሰው የሚለው ሌላ ነበር። ቤቴን ያቃጠለው፣ ልጄን የገደለው የክልሉ ልዩ ኃይል ነው፤ ሸኔ የሚባለው እኛን ለመምታት የተፈለገ ስም ነው አለ። በኦሮሞ ስም የሚንቀሳቀሱ ፓርቲዎችም ይህንኑ ተቀብለው አስተጋቡ። የሚገርመው ደግሞ አንድ ፓርቲ ነን የሚሉት ሳይቀሩ በመግለጫ መወራወራቸው ነው፦ በዚያው ሰሞን የአማራ ብልጽግናና የኦሮሚያ ብልጽግና በአደባባይ ቃላት ተለዋወጡ። ሰፊው ሕዝብ አንድ መንግሥት አለኝ ብሎ ሲጠብቅ ሁለት አፍ ሰማ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የሁለቱም ለቅሶ እውነት ነው። ከአጣዬ የተፈናቀለችው እናት አላሳበለችም፤ ከሰንበቴ የተፈናቀለችውም አላሳበለችም። ውሸቱ የገባው በለቅሶው ውስጥ አይደለም፤ በቆጠራው ውስጥ ነው። ባሕር ዳር ላይ የተነሣው የሟቾች ቁጥር የሰንበቴን ሟች አልያዘም። በሌላው ወገን የተነሣውም የአጣዬን ሟች አልያዘም። ሁለቱም የየራሳቸውን ሙታን ቆጥረው የጎረቤትን ሙታን ወይ «ታጣቂ ነበሩ» አሉ፣ ወይ ዝም አሉ። እንግዲህ አንድ የ70 ዓመት ሽማግሌ በቤቱ ደጃፍ ሲገደል በየትኛው ዞን መሞቱ ነው ታጣቂ የሚያሰኘው?

ቀጥሎ የመጣው ከቆጠራው የባሰ ነበር፤ ስሙ ከታጣቂው ወርዶ ጎረቤቱ ላይ ተለጠፈ። «ሸኔ» ማለት ጫካ ያለው መሆኑ ቀርቶ ኦሮምኛ የሚናገረው ባለሱቅ ሆነ። በሌላው ወገንም «ልዩ ኃይል»፣ «ነፍጠኛ» ማለት የታዘዘው ወታደር መሆኑ ቀርቶ አጣዬ ላይ ዳቦ የሚጋግረው አማራ ሆነ። በፌስቡክና በቴሌግራም ስሙ በአንድ ቀን አገር ያዳርሳል፤ ከተለጠፈ በኋላ ግን የሚነቅለው የለም።

መ. ቃሉና ታሪኩ

«ሽብር» የሚለው ቃል በአማርኛ የቆየ ቃል ነው። «ገበያው ተሸበረ» ይባላል፤ በሬ ሲፈታ፣ ጥይት ሲጮህ፣ ሰዉ እቃውን ጥሎ ሲሮጥ። ልብ በሉ፤ በዚህ አነጋገር ሽብር የሚናገረው ስለ ገበያተኛው ሁኔታ ነው፤ ስለ መደንገጡ፣ ስለ መተራመሱ። ቃሉ ወደ ፖለቲካ ሲገባ ግን አትኩሮቱ ከተሸበረው ሕዝብ ወደ «አሸባሪው» ዞረ። ስም ማውጣቱ የሥልጣን ሥራ ሆነ። በአገራችን ታሪክ ይህ ስም እንዴት እንደሠራ ለማየት ሦስት ጊዜያትን እናንሣ።

የመጀመሪያው የካቲት 12 ቀን 1929 ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ግራዚያኒ ምጽዋት በሚያስታድልበት ጊዜ ቦምብ ወረወሩ። ለእኛ አርበኞች ናቸው፤ ለፋሺስቱ ግን ሽብር ፈጣሪዎች ነበሩ። ቦምብ የወረወሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። ምላሹ ግን በሁለት ሰው ላይ አልቆመም። የፋሺስት ፓርቲው ሹም ኮርቴዜ ለሦስት ቀን ለጥቁር ሸሚዞቹ ፈቃድ ሰጠ፤ አዲስ አበባ በእሳትና በአካፋ ታረደች። የኢትዮጵያ መንግሥት በኋላ የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎታል። የተማሩት ወጣቶች አንድ በአንድ ተለቀሙ፤ አዝማሪውና ጠንቋዩ ሳይቀር «ወሬ ያናፍሳሉ» ተብለው ተገደሉ። በግንቦት ወር ደግሞ የደብረ ሊባኖስ ገዳም ተባባሪ ነው ተባለና መነኮሳቱ ተረሸኑ፤ ጣልያኖቹ ራሳቸው በቴሌግራም ያመኑት 297 መነኮሳትን ነው። እንግዲህ መነኩሴውን ከቦምቡ ጋር ያገናኘው ምንድን ነው? አንድም ነገር የለም፤ ጎረቤትነትና ጥርጣሬ ብቻ።

ሁለተኛው 1969 ነው። መስከረም 13 ቀን በመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ። ኢሕአፓ በከተማ ውስጥ የደርግን ሰዎችና ተባባሪ ያላቸውን መግደል ያዘ፤ ደርግ ይህን «ነጭ ሽብር» አለው። ሚያዝያ 9 ቀን መንግሥቱ በአብዮት አደባባይ ቆሞ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሰበረ፤ የቀይ ሽብር አዋጅ በይፋ ታወጀ። ከዚያ ወዲያ «ነፃ እርምጃ» በሚል ስም ቀበሌው፣ ካድሬው፣ አብዮት ጠባቂው ሁሉ ዳኛም ገዳይም ሆነ። በዚያው ወር በሜይ ዴይ ዋዜማ በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች በአንድ ሌሊት አለቁ። ስም የወጣለት ድርጅት ነበር፤ የሞተው ግን ልጅ እግር ተማሪ ሁሉ ነበር፤ ወረቀት የተገኘበት፣ ጓደኛው የተያዘበት፣ አልፎ አልፎም ቂም የተያዘበት። እናት ልጇን እንዳታለቅስ ተከለከለች። ይህችን ነጥብ እንያዛት፦ ለአንዱ ወገን ለቅሶ የተፈቀደበት፣ ለሌላው የተከለከለበት ዘመን ነበር።

ሦስተኛው ቅርብ ነው። በ2001 የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ወጣ። በሰኔ 2003 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኦነግን፣ ኦብነግንና ግንቦት 7ን ከአልቃይዳና ከአልሸባብ ጋር በአንድ መስመር አስቀምጦ አሸባሪ አላቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ በዚህ ስም ጋዜጠኛ ታሰረ፣ ተማሪ ታሰረ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ መሆን ብቻ ለጥርጣሬ በቃ። በሰኔ 2010 ያው ምክር ቤት ሦስቱን ድርጅቶች ከዝርዝሩ ፋቃቸው፤ በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትሩ በምክር ቤቱ ቀርበው መንግሥት ራሱ ሰው ሲያሠቃይ ሽብር ይፈጽም እንደነበር አመኑ። ስሙ ተፋቀ፤ በስሙ የታሰረበት ዓመት ግን ለማንም አልተመለሰለትም።

ከዚህ የምንረዳው «አሸባሪ የሚባል ነገር የለም» ማለት አይደለም። አጣዬን ያቃጠለ እጅ አለ፤ ሰንበቴ ላይ የገደለ እጅ አለ። ሰላማዊ ሰውን እንዲሸበር ብሎ የሚገድል ሁሉ፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ወንጀለኛ ነው። የምንለው ሌላ ነው፦ በሦስቱም ጊዜያት ስሙ ከወጣለት ሰው ይልቅ በስሙ አጠገብ የቆመው ሰው በብዛት ሞቷል።

ሠ. አዋጁና ያስከተለው

ሚያዝያ 23 ቀን 2013 የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ ሚያዝያ 28 ቀን ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በአዲሱ አዋጅ ቁጥር 1176/2012 መሠረት ሕወሓትንና «ሸኔ»ን አሸባሪ ብለው ሰየሙ። ይህ የአጣዬ ጥቃት ብቻ ውጤት አይደለም፤ የትግራይ ጦርነትና የወለጋው ግድያም አሉበት። ቢሆንም በየከተማው የተነሣው ሰልፍ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው መምጣቱ ለሕዝቡ ጩኸት እንደ መልስ እንዲቆጠር አድርጎታል። ብዙ ሰው «እሰይ፣ አሁን ገና ስሙን ጠሩት» አለ።

በሕግ ዓይን ሲታይ አዋጁ የሚቀጣው ድርጅቱንና ድርጊቱን የፈጸመውን ሰው ነው፤ ሕዝብን አይደለም። ችግሩ ሕግ መጽሔት ላይ ሳይሆን ኬላ ላይ ሲነበብ ነው። ኬላ ላይ የቆመው ፖሊስ ወይም ሚሊሺያ የድርጅት መታወቂያ አይጠይቅም፤ ስም ይጠይቃል፣ አነጋገር ያዳምጣል፣ የት ተወለድክ ይላል። በጥቅምት 2014 መጨረሻ የሕወሓት ኃይል ከኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ጋር አብሮ ከሚሴ ድረስ ሲደርስ፣ ጥቅምት 23 ቀን አገር አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያን ወቅት በአዲስ አበባ ብዙ የትግራይ ተወላጆች ከየቤታቸውና ከየሥራቸው ተለቅመው ታሰሩ። ከሚሴ በኅዳር መጨረሻ በመንግሥት እጅ ተመለሰች። ከተማዋ በወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ባለቤት ስትለዋወጥ፣ ነዋሪዋ በአንዱ ዘንድ ተባባሪ፣ በሌላው ዘንድ ከሃዲ የመባል ዕዳ ተሸከመ። መጋቢት 13 ቀን 2015 ደግሞ ሕወሓት ከዝርዝሩ ወጣ። ስሙ እንደገና ተፋቀ ማለት ነው።

የአጣዬና የሰንበቴ ሰውስ ምን አገኘ? መልሱ አጭር ነው፦ በጥር 2015 በአጣዬ፣ በጀውሃና በሰንበቴ እንደገና ተኩስ ተከፈተ፣ እንደገና ሰው ሞተ፣ እንደገና ሰው ተሰደደ። በ2011፣ በ2013፣ በ2015፤ በየሁለት ዓመቱ እንደ ግብር። ሰልፍ ተወጥቷል፣ መግለጫ ወጥቷል፣ አዋጅ ወጥቷል። ይህ ሁሉ ምላሽ ሦስተኛውን ጥቃት ካላስቀረ፣ ምላሹ አንድ የጎደለው ነገር አለ ብለን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ረ. ሩቅ ገዳይ፣ ቅርብ ገዳይ

ለማነጻጸር ያህል ሚያዝያ 2007ን እናስታውስ። በሊቢያ አይ.ኤስ. የተባለው ቡድን ወደ 30 የሚጠጉ ኢትዮጵያውያንን ሲያርድና ሲረሽን የሚያሳይ ፊልም ሚያዝያ 11 ቀን ተለቀቀ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ። በአዲስ አበባ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ጋር በሟቾቹ ቤት ተቀምጦ አለቀሰ። «የገደለው እስልምና ነው» የሚል ድምፅ ሊነሣ ይችል ነበር፤ ሰዉ ግን ገዳዩን ከጎረቤቱ ለይቶ አወቀ። ሚያዝያ 14 ቀን በመስቀል አደባባይ የተጠራው ሰልፍ በተቃውሞና በፖሊስ ዱላ ቢጠናቀቅም፣ ቁጣው ወደ መንግሥት እንጂ ወደ ጎረቤት አልዞረም።

ለምን ያኔ ቻልን? ለምን በ2013 አቃተን? አንዳንዱ «ያኔ ገዳዩ ባዕድ ስለነበረ ነው» ይላል። እውነት አለው፤ ግን አይበቃም። ዋናው ልዩነት ያኔ ከገዳዩ ስም የሚያተርፍ የፖለቲካ ኃይል በአገር ውስጥ አለመኖሩ ነው። በ2013 ግን ለምርጫ የሚወዳደረው ሁሉ ሙታን ያስፈልጉት ነበር፤ የራሱ ሙታን። በየክልሉ የቆመው ልዩ ኃይልም ለአንዱ ጠባቂ፣ ለሌላው ገዳይ ሆኖ ስለታየ፣ ገለልተኛ ሆኖ «ገዳዩ ይህ ሰው ነው» የሚል አካል ጠፋ። መርማሪ በሌለበት ቦታ ሕዝቡ መርማሪ ይሆናል፤ ሕዝብ ደግሞ ሲመረምር የሚያገኘው ጎረቤቱን ነው።

ሰ. እንግዲህ

የወሎ ሰው ለደም ጉዳይ የራሱ መፍትሔ ነበረው። አበጋር የሚባሉ ሽማግሌዎች፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ በደመኞች መካከል ይገባሉ። ደም የተቃባ ሁሉ ያውቀዋል፤ አበጋር ሲቀመጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የየትኛው ወገን ሰው ነው?» ሳይሆን «ማን ገደለ?» ነው። የገደለው በስሙ ይታወቃል፣ ያምናል፣ ካሣ ይቆረጣል፣ ደም ይደርቃል። ሥርዓቱ ያስፈለገው ደግሞ ሌላ ክፉ ልማድ ስለነበረ ነው፤ ገዳዩ ከጠፋ ወንድሙ ይገደል የሚል ልማድ። አያቶቻችን የዋህ ስለነበሩ አይደለም አበጋርን ያቆሙት፤ በቀል ከገዳዩ ወደ ወንድሙ፣ ከወንድሙ ወደ ጎረቤቱ እንደሚዘል ጠንቅቀው ስላወቁ ነው። የ2011ዱ ዕርቅ የከሸፈው በሬው ታርዶ ገዳዩ ሳይጠራ ስለቀረ ነው። ሕዝብ ከሕዝብ ጋር ይታረቅ ተባለ፤ ሕዝብ ግን አልተጣላም ነበር፤ የገደሉ ሰዎች ነበሩ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ስንል «ተበዳይን ከበዳይ ጋር እኩል አደረጋችሁ» ይሉን ይሆናል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ተገቢ ክብደት ልንሰጠው ይገባል። በተደጋጋሚ የተጠቃ ሕዝብ «መጀመሪያ እኔ ላይ የደረሰው ይነገር» ማለቱ መብቱ ነው። እኛ የምንለው የበደሉ መጠን እኩል ነው አይደለም። መጠኑ የሚታወቀው ግን ሁለቱም ወገን ተቆጥሮ ሲያልቅ ነው። የራሱን ብቻ የቆጠረ ሰው፣ ተበዳይ ቢሆን እንኳ፣ መበደሉን በማስረጃ ማሳየት ያቅተዋል፤ ሌላው በግማሽ መዝገብ በቀላሉ ይክደዋልና።

ስለዚህ ከታሪክ ተማሪ የሚጠበቀውን በትንሹ እንናገር። ከመጋቢት 2011 እስከ ጥር 2015 ባለው ጊዜ በዚያ መንገድ ዳር የሞተው ሰው ሁሉ በአንድ መዝገብ ይጻፍ፦ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ቀበሌው፣ የሞተበት ቀን፣ እንዴት እንደሞተ። የአጣዬው ከሰንበቴው ቀጥሎ፣ የካራቆሬው ከከሚሴው ቀጥሎ፤ በዞን ሳይሆን በቀን ተራ። ይህ የኮሚሽን ሥራ ነው ሊባል ይችላል። ይሁን፤ ኮሚሽኑም ይሥራ። ግን የየካቲት 12 ሙታን በስም ሳይመዘገቡ 30,000 ነው፣ አይደለም ስንባባል ስንት ዓመት ሆነን? የቀይ ሽብር ሟቾችስ? እዚህኛው ላይ ገና የሚያስታውስ እናት አለች፣ የቀበረ ወንድም አለ። የዚያ አገር ልጆች የሆንን፣ ኦሮምኛም አማርኛም የምንናገር ተማሪዎች፣ በየክረምቱ ወደ ቤታችን ስንመለስ ደብተርና እስክርቢቶ ይዘን መሄድ እንችላለን። ከሚሴ የሚወርደው የአጣዬውን ሟች፣ አጣዬ የሚወርደው የሰንበቴውን ሟች ጠይቆ ይጻፍ። አስቸጋሪው ይህ ሁለተኛው ነው፤ መጀመር ያለበትም ከዚሁ ነው።